ለሌለ ሰው ለቅሶ

የሮብ ገበያ ወፍጮ ዱቄቱ ከመላሙ የተነሣ እኛ እዚህ ስንፈጭ ይጁቤ ያለ ሰው ያስነጥሰዋል። ይህን የምለው እኔ ነኝ። ሴቶቹ "የኔአለም ያወራውን ለሁለት ክፈሉት" ይላሉ። ይክፈሉት። ለሁለት ተከፍሎም ደብረ ማርቆስ ድረስማ ያስነጥሳል።

ሥራዬ ወፍጮውን ማስነሣትና ማጉረስ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ናቸው። እሳቸው የእድራችንም ዳኛ ስለሆኑ፣ ያለሳቸው ፈቃድ እህል አይፈጭም፣ ያለሳቸው ፈቃድ የሞት ጥሩንባ አይነፋም። ሮብ ገበያ ላይ ያለ ጋሽ ወልደ ሚካኤል የሚበላም የሚሞትም የለም ማለት ነው።

ትምህርቴ እስከ ስምንት ነው። ስምንትን ሁለት ጊዜ ስለተማርኳት ዘጠኝ ብትሉኝ አልቀየምም። ከዚያ በፊት ቅኔ ልቆጥር ደብረ ወርቅ ገብቼ ነበር፤ የኔታ "ይሄ ልጅ ሰሙንም ወርቁንም ትቶ ቆርቆሮውን ነው የሚያመጣ" ብለው አሰናበቱኝ። ብቻ ማንበብ እችላለሁ። ካስፈለገም ከተጻፈው በላይ አነባለሁ።

መብራት እኛ ጋ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ሲሄድ ወፍጮው ጸጥ ይላል፣ ሴቶቹ እህል በያዘው ማዳበሪያቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሐሜት ይጀመራል። ሐሜቱ ሲያልቅ "በል አንብብልን" ይሉኛል። ድሮ ያገኘሁትን ነበር የማነብላቸው። አንዴ የላም መድኃኒት ካርቶን አንብቤላቸው፣ ላሚቱን ባል ያላት አስመስዬ ጨመርኩበትና አይናዲስ ከማዳበሪያዋ ላይ ወደቀች። አይናዲስ የሰፈራችን ምላስ ናት፤ ከሷ ምላስ የተረፈ ሰው ወይ አልተወለደም ወይ ከተማ ገብቷል።

መጽሐፉን ያገኘሁት ደብረ ማርቆስ፣ ሸሪፋ የምትባል ቅመም ነጋዴ ሱቅ ነው። ሸሪፋ ገጽ እየገነጠለች ኮረሪማ ትጠቀልልበት ነበር። ልብ ወለድ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ ርዕስ የለውም፣ መግቢያው ኮረሪማ ይዞ ሄዷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ዛሬ የአንድ ሰው ወጥ ውስጥ እየፈላ ነው።

"ስጪኝ ልግዛው" ብላት፣

"ውሰደው ባክህ፣" አለችኝ። "እኔ ለሽንኩርት ነበር ያሰብኩት። አንዷ ገዥ ቆማ አንድ ገጽ አንብባ ሱቄ ውስጥ አለቀሰችብኝ፣ ሰው ያታለልኳት መሰለው።"

ታሪኩ ይስማው ስለሚባል ልጅ ነው። ይስማው ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ይወርዳል፣ እናቱ ከደጋ ሆና ትጠብቀዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘንዶ የለ፣ ሽፍታ የለ። እኔ እንኳ "ይሄ ሰውዬ ሲጽፍ ምን ነካው?" ብዬ ነበር። ሴቶቹ ግን ጸጥ ብለው ሰሙኝ። አይናዲስ ሳትናገር የቆየችው የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ የጥርስ ሕመም መስሎኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሰሙት እትዬ ወለላ ናቸው። የጋሽ ወልደ ሚካኤል ሚስት። የባለ ወፍጮ ሚስት ወረፋ አትይዝም፤ እሳቸው ግን ትንሽ ገብስ በቁና ይዘው ይመጣሉ፣ ተራቸው ሲደርስ "አንቺ ቅደሚ" ይላሉ፣ ቀጣዩዋንም "አንቺ ቅደሚ" ይላሉ። መብራቱ እስኪሄድ ነው የሚጠብቁት። ሲሄድ ከጥጉ ይቀመጡና እኔ ሳነብ እንባቸው ይወርዳል። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ፊታቸው ላይ ያለውን ዱቄት እያቦካ።

"እትዬ፣ ምነው?" ስትል አንዷ፣

"ለይስማው እናት አዝኜ ነው" ይላሉ።

ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ ሁሉም ያውቃልና። የእትዬ ወለላ ልጅ መሳፍንት ባሕር ማዶ ለመሻገር ከወጣ ቆይቷል። ስልኩ ጠፋ። አብረውት ከወጡት ልጆች አንዱ "ጀልባዋ…" ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ ዘጋ። መርዶ ግን አልመጣም፤ አየሁ የሚል፣ ቀበርኩ የሚል የለም። በኛ አገር ደግሞ መርዶ ሳይረዱ አይለቀስም፣ ሟርት ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል "ልጄ አለ!" ብለው ቤታቸው ውስጥ እንባ ከለከሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ድንጋይ አይደሉም፤ በየእንቁጣጣሹ ለመሳፍንት ጫማ ይገዙለታል። ዕድሜው ጨምሯል ብለው ቁጥሩን ከፍ እያደረጉ ነው የሚገዙት።

እንግዲህ እያነበብኩ እያነበብኩ አንድ ቀን ከአንድ ገጽ ደረስኩ። ዓይኔ ከአፌ ይቀድማልና መስመሩን አስቀድሜ አየሁት። ይስማው ወባ ይዞታል፣ ከዳስ ሥር ተኝቷል። ቀና ስል እትዬ ወለላ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። አፌ ግን አንዴ ጀምሯል።

"ጎህ ሲቀድ… አረፈ" አልኩ።

እትዬ ወለላ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። 

"አረፈ!" አልኩ እንደገና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "መተማ ከተማ ገባና፣ አልጋ ይዞ፣ እግሩን ታጥቦ አረፈ! ወባው ለቀቀው!"

"ተመስገን!" አሉ ሴቶቹ። የደብረ ወርቅ ትምህርቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ አበላኝ። አንድ ቃል፣ ሁለት ፍች፤ አንዱ ይገድላል፣ አንዱ አልጋ ያስይዛል።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ገልጬ ይዤ የማነበው ከራሴ ነበር። ይስማውን አላሳረፍኩትም። ጅብ አፈናጥጬ ጎንደር አደረስኩት፤ ጅቡን ሆቴል በር ላይ ሲያስር ዘበኛው የማቆሚያ ሒሳብ ጠየቀው። አንድ አይሱዙ ከነሰሊጡ የዋጠ ዘንዶ ገጠመው፤ ይስማው ዘንዶውን የያዘው ሆዱ ውስጥ የአይሱዙው ጥሩንባ ሲጮኽ ሰምቶ ነው። የባለ ሰሊጡን ልጅ አገባ። ሠርጉ ላይ የታረደው በሬ ቀንዱ ከመርዘሙ የተነሣ አንደኛው ጫፍ ሲታረድ ሌላኛው ጫፍ አልሰማም። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። መብራት ሲመጣ "አጥፋው፣ አጥፋው!" ይሉኝ ጀመር።

እትዬ ወለላ ብቻ አልሳቁም። እንባቸው ደርቋል። እንዳልተፈጨ እህል ከጥግ ቁጭ ብለው ያዩኛል። አንድ ጠዋት ገና ወፍጮውን ሳላስነሣ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"ና እስቲ አንተ።"

"አቤት እትዬ።"

"ይስማው የት ነው ያረፈ?"

"መተማ ነዋ። አልጋ ቤት።"

"ጎህ ሲቀድ?"

"አዎ፣ ጎህ ሲቀድ።"

"ጎህ ሲቀድማ ሰው ከአልጋ ቤት ይወጣል እንጂ ይገባል?"

እኔ፣ ዘንዶ አይሱዙ ያስዋጥኩ ሰው፣ እጅ ሰጠሁ።

"እንዳይከፋዎ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ይክፋኝ!" አሉ። "ልከፋ አይደል የምመጣ? ገብስ አጥቼ መሰለህ? ቤት ስገባ ባሌ ያባብለኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጎረቤት ያባብለኛል። አንድ ቦታ አገኘሁ ብዬ እዚህ ብመጣ አንተም አባባይ ሆንክ። ባሌ የኔን ልጅ ሞት ከለከለኝ፣ አንተ ደግሞ የሰው ልጅ ሞት ትከለክለኛለህ?"

"ጋሼ ቢሰሙ…"

"ይስማ። መሳፍንት ካለ ይምጣና ይሳቅብኝ። 'እናቴ በቁሜ አለቀሰችብኝ' ብሎ ይክሰሰኝ፤ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እቆምለታለሁ። ከሌለ ግን እስከ መቼ ነው አልቃሽ ያጣ ሬሳ የሚሆን? አንብብልኝ። ካረፈበት ጀምረህ።"

"እሺ፣ መብራት ሲሄድ አነብልዎታለሁ።"

"ሐዘን የመብራት ኃይል ቅጥረኛ ነው? አሁን ነው የምታነብልኝ። የመጀመሪያዋን ፈጭተህ አጥፋው።"

ወረፋ የያዙት ሴቶች ገብተው ነበር። ወፍጮውን አስነሥቼ የፊተኛዋን ስንዴ ፈጨሁና ማጥፊያውን ወደ ታች ጎተትኩት። አምፖሉ ከራሳችን በላይ እንደበራ ነው።

"ኧረ! ተራው የኔ ነው!" ብላ አይናዲስ ጮኸች። "ቤቴ ዱቄት የለ፣ ባሌ ርቦት እኔን ሊበላኝ ነው!"

"አንቺንማ አይደፍርም፣ ታንቂዋለሽ" አልኳት። ከዚያ መጽሐፉን አወጣሁ። "የዘንዶው ነገር ውሸት ነው" አልኩ። "የጅቡም። ሠርጉም። ትክክለኛው ይኸው።"

አነበብኩት። ሳልጨምር።

"ይስማው ከዳሱ ሥር ተጋድሞ የደረቀው ሰሊጥ በነፋስ ሲንሿሿ ይሰማ ነበር። ዝናብ መሰለው። አገሬ ገባሁ አለ። እናቱ የቋጠረችለት ቆሎ ከራስጌው ነው፤ አንድ ጭብጥ ያህል ቀርቷል። ጎህ ሲቀድ አረፈ። ቆሎውን ጓደኞቹ አልበሉትም፤ ቋጠሮው የሷ ነው ብለው፣ ሳይፈቱት መለሱላት።"

አይናዲስ ማዳበሪያዋ ላይ ቁጭ አለች። "ሳይፈቱት?" አለች።

"ሳይፈቱት።"

እትዬ ወለላ ተነሡ። ነጠላቸውን አወለቁና ዘቅዝቀው ለበሱት፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ለቀብር እንደሚለበሰው። ከወፍጮው ፊት ለፊት፣ ባዶው መሬት ላይ ቆሙ። ድምፃቸው መጀመሪያ እንደዛገ በር ነበር፣ ተከፈተ፦

"አረፈ ይሉኛል፣ ልጁ ምን ደክሞት፣
የደከመች እናት፣ ቆማ እያለችለት!"

ወይ ጉድ! እኔ ያንን ቃል ሰውን ላታልልበት ስንት ቀን ስደክም፣ እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ሰሙንም ወርቁንም አወጡት። የኔታ ቢሰሟቸው ወንበራቸውን ይለቁላቸው ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። ያ ሁሉ ሴት የየራሱ አለውና፣ ማን ለማን እንዳለቀሰ እኔ አልቆጥርም። ዱቄቱ ከየትከሻቸው እየተነሣ ቤቱ ጉም ሆነ።

የገበያ ቀን ነበር። ለቅሶ የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል።

"ማን ሞተ?"

"ይስማው!"

"የቱ ይስማው?"

"እኛ እንጃ፣ መተማ ነው አሉ። ቆሎውን እንኳ ሳይጨርስ።"

"ወይኔ ይስማው!"

ድንች የሚነግድ ይስማው የሚባል ሰው አለ። እሱም ማዳበሪያውን ጥሎ መጣ። "ማን ሞተ?" ሲል "ይስማው" አሉት። ጋቢውን አገልድሞ ገባና "ወይኔ ይስማው! ጥሩ ሰው ነበርኩ እኮ!" ብሎ አለቀሰ። ይሄን ለሁለት እንዳትከፍሉት፤ እዚህ ላይ አልጨመርኩም።

በዚህ መሐል ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከነዱላቸው ደረሱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

"ምንድን ነው ይሄ? ጥሩንባ ሳይነፋ፣ እድር ሳያውቅ፣ ማን ነው የሞተው?"

"ይስማው ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

"የማን ልጅ?"

"የመጽሐፍ።"

መጽሐፉን አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ወለላ፣ ነጠላሽን መልሺ። ልጄ አልሞተም።"

"ያንተን ልጅ ማን አነሣው?" አሉ እትዬ ወለላ። "እኔ ለይስማው ነው የማለቅሰው። ወይስ ይስማው ሲባል ሌላ ስም ሰማህ?"

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት። "የእድር ዳኛ ነኝ! ለሌለ ሰው ለቅሶ የለም!"

"ለሌለ ሰው አይደል እንዴ የሚለቀሰው!" አሉ እትዬ ወለላ። "ላለ ሰውማ ማን ያለቅሳል!"

"እሰይ!" አለች አይናዲስ። ለቅሶ ላይ እሰይ ተብሎ አያውቅም፣ እሷ አለች።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ወደኔ ዞሩ። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ በዚያ ብርድ። "ሞተሩን አስነሣ።"

ገባኝ። ወፍጮው ከተነሣ ሰው የራሱን ጩኸት እንኳ አይሰማም። ለቅሶውን ሊያስፈጩት ነው።

"መብራት የለም፣ ጋሼ" አልኩ።

ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። አምፖሉ እንደ ብርቱካን በርቶ ተንጠልጥሏል። እኔን አዩኝ።

"መብራት የለም?"

"የለም።"

"የለም!" አለች አይናዲስ። "ከጠዋት ጀምሮ የለም!" አለች ሌላዋ። "እኛ ጋማ ከሰኞ ጀምሮ የለም!" "የለም! የለም!" ሴት ሁሉ ተቀበለ። ድንች ነጋዴው ይስማውም ከዚያ ማዶ "ሞቼ ልገኝ፣ የለም!" አለ።

"ከመንገዴ ዞር በል!" ብለው ጋሽ ወልደ ሚካኤል ራሳቸው ማብሪያውን ወደ ላይ ገፉት።

ወፍጮው ተነሣ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። "እህል ጨምሩ!" ብለው ሲጮኹ አፋቸው ሲከፈት ነው ያየሁት እንጂ ድምፃቸው አልመጣም። እጄን አጣጠፍኩ። አይናዲስ ማዳበሪያዋ አፍ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችበት። ሌሎቹም እንደሷ። በቤቱ ውስጥ አንድ ፍሬ እህል የሚያጎርስ እጅ ጠፋ።

ባዶ ወፍጮ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እህል ሲያጣ ድንጋይ ድንጋይን ነው የሚበላ። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ያገሣል፣ ከዚያ የተቃጠለ ጥርስ ይሸታል። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ያንን ድንጋይ ራሳቸው ናቸው ያስጫኑት። እትዬ ወለላ ከወፍጮው ፊት ቆመው ያለቅሳሉ። አንገታቸው ላይ ያሉት ሥሮች ተወጥረዋል። እኔ አጠገባቸው ሆኜ አልሰማቸውም፤ አፋቸውን ግን አያለሁ፣ አያቆምም። ባልና ሚስት ተያዩ። ከድንጋዩ መሐል ብልጭታ ወጣ። ጢሱ ወደ ጣሪያው ሄደ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ወደ ማጥፊያው እጃቸውን ሰደዱ።

አጠፉት።

ድንጋዩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። የእትዬ ወለላ ድምፅ ከሥሩ ወጣ፣ ሳይቋረጥ ከቆየበት። የሚጠሩትን ስም ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ይስማው አልነበረም።

"…መሳፍንት! መሳፍንት ልጄ! ባሕሩ ምን ያህል በረደህ!"

"አታሟር…" ብለው ጀመሩ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። አልጨረሱትም። ሌላም ሰው አልጨረሰላቸውም። ግድግዳውን ተደገፉ፣ ጋቢያቸው ላይ ዱቄት ሆነ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከማዳበሪያቸው ተነሥተው ከእትዬ ወለላ ጎን ቆሙ፣ "መሳፍንት! መሳፍንት!" እያሉ። ያ ስም ሮብ ገበያ ላይ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ስንት ጊዜው።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል በመጨረሻ እኔ ጋ መጡ። የሚቆጡት ሰው ፈልገው ነው መሰለኝ፣ እኔን አላጡኝም።

"አንተ፣" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰንጥቆ። "ነገ እዚህ እንዳላይህ። ተባረሃል።"

"ይቅርታ ጋሼ፣" አልኳቸው። "ለቅሶ ቤት ነው። ሰልስት ሳይወጣ ሰው አይባረርም። የእድሩ ዳኛ እርስዎ ነዎት፣ ደንቡን ያውቁታል።"

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ከለቀስተኛው መሐል የሚቀመጡበት አጡና፣ አይናዲስ ማዳበሪያዋን በእግሯ ገፋ አደረገችላቸው።